ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?



«እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» የሚለውን የአባቶቻችንን አነጋገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰው ሲበድለን ወደ ዳኛ እንሄዳለን። ዳኛው ራሱ የበደለን እንደሆነስ ወደ ማን እንሄዳለን? ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ጉዳይ ነው።

ነገሩ የጠበቆችና የፖለቲከኞች ብቻ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የቤት ኪራይ ክርክር፣ ልጅ የማሳደግ ጉዳይ፣ የቢቱዋሕ ለኡሚ አበል፣ የፖሊስ ክስ ወይም የባንክ ዕዳ ያለበት ሰው ሁሉ አንድ ቀን በዳኛ ፊት ይቆማል። በዚህ አገር ደግሞ በአንዳንድ አገሮች እንዳለው ከሕዝብ መካከል ተጠርተው የሚፈርዱ ሰዎች የሉም። ጥፋተኛ ነህ ወይም አይደለህም የሚለው ዳኛው ነው። ስለዚህ ያ ዳኛ ማን እንደሆነ፣ ማን እንደመረጠውና ሲያጠፋ ማን እንደሚጠይቀው ማወቅ ለአዲስ ገቢም ሆነ ለነባር የቤቱ ጉዳይ ነው።

ከራሴ ዘመድ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አጎቴ ለአንድ ወዳጃቸው ልጅ በባንክ ብድር ዋስ ሆነው ፈርመው ነበር። ልጁ መክፈል ሲያቅተው ክሱ ወደ እሳቸው መጣ። ወረቀቱን ማንበብ ስለማይችሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጠውት ኖሮ፣ ለበዓል ልጠይቃቸው ስሄድ አውጥተው አሳዩኝ። ለቀጠሮው የቀረው አራት ቀን ብቻ ነበር።

በቀጠሮው ቀን አጎቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሄዱ። ዳኛው ሲገቡ ተነሥተው እጅ ነሡ። ዳኛው ግን ዓይናቸውን ከወረቀቱ ላይ አላነሡም። አስተርጓሚም አልነበረም። «አንተ ማን ነህ?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። «የእህታቸው ልጅ ነኝ» አልሁ። «እንግዲያው አንተ ተርጉምለት፤ ግን በአጭሩ» አሉ። አጎቴም እንደ አገራችን ወግ ነገሩን ከመነሻው ጀምረው፣ ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አባቱም በስደቱ ጊዜ ምን እንዳደረገላቸው ማስረዳት ሲጀምሩ፣ ዳኛው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ስንት ዓመት በዚህ አገር ተቀምጦ ነው ዕብራይስጥ ያልቻለው?» ብለው አቋረጡ። በአዳራሹ የነበሩ አንዳንድ ሰዎች ሳቁ። አጎቴም አብረው ሳቁ፤ የተባለው አልገባቸውም ነበርና።

ጉዳዩ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ወጥተን ደጅ እንደቆምን አጎቴ ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ ተፈረደልኝ ወይስ ተፈረደብኝ?» ብለው ጠየቁኝ።

የሆነውን ነገርኋቸው። ስለ ዳኛው አነጋገር አቤት የሚባልበት ቦታ እንዳለም ብነግራቸው ደነገጡ። «ዳኛ ይከሰሳል እንዴ? በየት አገር አየህ? ነገ ተመልሼ በእሱ ፊት ብቆምስ?» አሉኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ የአጎቴ ጥያቄ ነው፤ ብዙዎቻችሁም ቤት ውስጥ ይኸው ጥያቄ እንዳለ አውቃለሁና።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

አጎቴ ያለ ምክንያት አልፈሩም። በአገር ቤት በንጉሡ ዘመን በገጠሩ ገዥና ዳኛ አንድ ሰው ነበር። ግብር የሚሰበስበውም፣ የሚያስረውም፣ የሚፈርደውም እሱ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለው በከንቱ አልነበረም። ርስት ያልነበራቸው ወላጆቻችን በመሬት ጉዳይ ሲካሰሱ፣ ባለ መሬቱና ዳኛው በአንድ ማዕድ የሚቀርቡ ሰዎች ነበሩ። ደርግ ሲመጣ በየቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ተቋቋመ። ሸንጎውን ግን የቀበሌው ሹም ዓይን ይከተለው ነበር። ሹሙን ያስቀየመ ሰው ከሸንጎ ፍትሕ አገኛለሁ ብሎ አይጠብቅም።

ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያም ነገሩ በሕግ ተለውጧል። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው) የፌዴራል ዳኞችን የሚያጭ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ እንዲኖር አዘዘ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጉባኤው ያጫቸውን ለተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ ይሾማል። ዳኛም ጉባኤው ካልወሰነና ምክር ቤቱ ካላጸደቀው ከጡረታ ዕድሜው በፊት ከፈቃዱ ውጪ አይነሣም ይላል። ሕጉ በወረቀት ላይ ያለውን ያህል በተግባር ይሠራል ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ይሁን እንጂ ዳኛን ሹም ብቻውን እንዳይሾመውና እንዳይሽረው የሚከለክል አካል ያስፈልጋል የሚለው አሳብ በአገራችንም ሥር ይዟል።

ለእኛማ አሳቡ ከዚያም የቆየ ነው። በመንደራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ እንዴት ይመረጥ እንደነበር አስታውሱ። አንዱ ወገን የሚያምናቸውን ይጠራል፤ ሌላውም የሚያምናቸውን ይጠራል፤ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ቄስ ወይም ትልቅ ሰው መካከል ይቀመጣል። የአንዱ ወገን ሰዎች ብቻ የተቀመጡበት ሽምግልና ሽምግልና አይባልም ነበር። ዕርቁም አይጸናም። በዚህ አገር ዳኛን የሚመርጠው ኮሚቴ የተሠራው ከዚህ በማይርቅ አሳብ ነው።

ዳኛን የሚመርጡ ዘጠኝ ሰዎች

የእስራኤል መንግሥት በ1948 ሲቆም የላዕላዩ ፍርድ ቤት (ቤት ሚሽፓት ዔልዮን) የመጀመሪያዎቹ አምስት ዳኞች የታጩት በመንግሥት ነበር። በ1953 ክነሴት የዳኞችን ሕግ አወጣና ምርጫውን ከመንግሥት ብቸኛ እጅ አውጥቶ ለአንድ ኮሚቴ ሰጠ። በ1984 ኮሚቴው ስለ ዳኝነት በወጣው መሠረታዊ ሕግ ውስጥ ገባ። በዕብራይስጥ «ሃ-ቫዓዳ ለብሒራት ሾፍቲም» ይባላል።

በዚህ ሥርዓት ኮሚቴው ዘጠኝ አባላት ነበሩት። የፍትሕ ሚኒስትሩ ሰብሳቢ ነው፤ ከእሱ ጋር አንድ ሌላ ሚኒስትር አለ። ሁለት የክነሴት አባላት አሉ፤ በልማድ አንዱ ከመንግሥት ወገን፣ አንዱ ከተቃዋሚ ይሆናል። የላዕላዩ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ሁለት ሌሎች ዳኞች አሉ። የቀሩት ሁለቱ ከጠበቆች ማኅበር የሚላኩ ናቸው። ቁጥሩን ልብ በሉ። ከዘጠኙ አራቱ ፖለቲከኞች፣ ሦስቱ ዳኞች፣ ሁለቱ ጠበቆች ናቸው። ማንም ወገን ብቻውን አምስት አይሞላም።

በ2008 ደግሞ ለላዕላዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ለመምረጥ ዘጠኙ ሁሉ ከተገኙ ሰባት ድምፅ እንዲያስፈልግ ተወሰነ። ይህ ማለት ሦስቱ ዳኞች አንድ ከሆኑ የማይፈልጉትን ማገድ ይችላሉ፤ የመንግሥት ወገን የሆኑት ሦስቱም እንዲሁ። አንዱ ያለ ሌላው መሾም ስለማይችል መነጋገር ግድ ነበር። ለታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ግን ተራ የድምፅ ብልጫ ይበቃል። እኛን የሚመለከቱን ጉዳዮች የሚበዙት ደግሞ በእነዚያ በታችኞቹ ነው። አዲስ ገቢ ሲሰማው የዕርቅ ቦታ በሚመስለው በ«ቤት ሚሽፓት ሻሎም»፣ በቤተሰብ ፍርድ ቤት፣ በሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤት ነው።

ለዳኝነት የታጩ ሰዎች ስም በይፋ ይወጣል። ማንም ሰው ምክንያቱን ጽፎ ተቃውሞውን ለኮሚቴው ማስገባት ይችላል። የኮሚቴው አባል ድምፁን የሚሰጠው በገዛ አእምሮው እንጂ በላከው ክፍል ትእዛዝ እንዳይሆን ሕጉ ደንግጓል። የተመረጠውን ዳኛ የመንግሥቱ ፕሬዚዳንት ይሾመዋል፤ በፊታቸውም ታማኝነቱን ያረጋግጣል።

ከተሾመ በኋላስ? መሠረታዊ ሕጉ ዳኛ በዳኝነቱ ከሕግ በቀር የማንም ሥልጣን የለበትም ይላል። እስከ 70 ዓመቱ ያገለግላል። ሚኒስትሩ ፍርዱን ስላልወደደው ሊያባርረው አይችልም። ደመወዙንም ሊቀንስበት አይችልም። አጎቴ ይህን ሲሰሙ «እንዲህ ከሆነማ እንደ ንጉሥ ነዋ!» አሉኝ። አይደለም። ኮሚቴው የመምረጥ ብቻ ሳይሆን የማንሣትም ሥልጣን አለው፤ ከዘጠኙ ሰባቱ ከተስማሙ ዳኛ ይነሣል። የዳኞች የዲሲፕሊን ፍርድ ቤትም አለ። ይህ ሥልጣን በወረቀት ብቻ የቀረ አይደለም። በ2005 የፍርድ ቤት መዝገብ በማጭበርበር ጥፋተኛ የተባለች አንዲት የሻሎም ፍርድ ቤት ዳኛን የዲሲፕሊኑ ፍርድ ቤት በወንበሯ ቢተዋትም፣ ኮሚቴው ግን ከዳኝነት አነሣት። ውሃ ሲያንቅ የሚዋጥበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

አቤቱታ የሚሰማው መሥሪያ ቤት

ሁለተኛው መንገድ ለተራው ሰው የቀረበ ነው። በ2002 ክነሴት በዳኞች ላይ የሚቀርብ የሕዝብ አቤቱታ የሚሰማ ኮሚሽነር እንዲኖር ሕግ አወጣ። በዕብራይስጥ «ነጺቭ ትሉኖት ሃጺቡር ዓል ሾፍቲም» ይባላል። መሥሪያ ቤቱ በ2003 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያዋ ኮሚሽነር ከላዕላዩ ፍርድ ቤት በጡረታ የወጡት ዳኛ ጦቫ ሽትራስበርግ-ኮሄን ነበሩ። ኮሚሽነሩ የፍርድ ቤት ዳኞችን ብቻ ሳይሆን በረባኑት ፍርድ ቤት የሚቀመጡትን ዳያኒምንም ይመለከታል። በጋብቻና በፍቺ ጉዳይ ወደ ረባኑት ለሚሄድ ወገናችን ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ነገር ግን ኮሚሽነሩ የሚችለውንና የማይችለውን ለይታችሁ ዕወቁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮሚሽነሩ ፍርድ አይለውጥም። «ዳኛው ለባለጋራዬ የፈረደው አላግባብ ነው» የሚል ሰው መንገዱ ይግባኝ ነው። ይግባኝ ደግሞ የተቆጠረ ቀን ስላለው ሳይዘገይ ጠበቃ መጠየቅ አለበት። ወደ ኮሚሽነሩ የሚኬደው ስለ ዳኛው ጠባይና ስለ ችሎቱ አካሄድ ነው። ዳኛው ከሰደበኝ፣ ካዋረደኝ፣ ሳይሰማኝ ካቋረጠኝ፣ ፍርዱን ያለ ምክንያት ለወራት ካዘገየብኝ፣ ከባለጋራዬ ጋር ዝምድና እያለው ከተቀመጠብኝ ኮሚሽነሩ ይመረምራል። ዳኛውን መልስ ይጠይቀዋል፤ የችሎቱንም መዝገብ ያያል። አቤቱታው እውነት ሆኖ ከተገኘ ስሕተቱን ጽፎ ያስታውቃል። ነገሩ ከባድ ከሆነ ዳኛው ከሥራው እንዲነሣ ለመራጩ ኮሚቴ አሳብ ማቅረብ ይችላል። ሁለቱ አካላት የሚገናኙት በዚህ ነው።

ከሚቀርቡት አቤቱታዎች የሚበዙት ተቀባይነት እንደማያገኙ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት ይገለጻል። ይህ ተስፋ ሊያስቆርጣችሁ አይገባም። ብዙዎቹ የሚወድቁት ሰዎች በፍርዱ ስለተከፉ ብቻ ስለሚጽፉ ነው። ዳኛንም በሐሰት ከሚከሱት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የተሸነፈ ሁሉ ሊያስነሣው የሚችል ዳኛ ለድኃም አይፈርድም።

ጠቡ በምን ላይ ነው?

በጎዳናው ላይ ስለ ዳኞች የተደረገውን ሰልፍ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል ወይም ከልጆቻችሁ ሰምታችኋል። ጉዳዩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በጥር 2023 የፍትሕ ሚኒስትሩ የዳኞችን አመራረጥ ጭምር የሚለውጥ ዕቅድ አቀረበ። ለወራት በየሳምንቱ ታላላቅ ሰልፎች ተደረጉ፤ በመጋቢት መንግሥት የአመራረጡን ሕግ አዘገየው። በመጋቢት 2025 ግን ክነሴት የተሻሻለውን ሕግ በ67 ድምፅ አጸደቀው፤ ተቃዋሚዎቹ ድምፅ ከመስጠት ቀሩ፤ የተቃወመው ድምፅ 1 ብቻ ነበር። ሕጉ ከሚቀጥለው የክነሴት ምርጫ በኋላ እንዲሠራበት ተደነገገ።

ሕጉ የጠበቆች ማኅበርን ሁለት ተወካዮች አስወጥቶ በምትካቸው አንድ መንግሥት የሚመርጠው፣ አንድ ተቃዋሚ የሚመርጠው የሕግ ባለሙያ እንዲገቡ አዘዘ። ለላዕላዩ ፍርድ ቤት ሰባት ድምፅ መሆኑ ቀርቶ አምስት እንዲበቃ፣ ከእነሱም ቢያንስ አንዱ ከመንግሥት አንዱም ከተቃዋሚ ወገን እንዲሆን ተባለ። የዳኞቹ ድምፅ ለላዕላዩ ፍርድ ቤት ምርጫ ግድ መሆኑ ቀረ። በሕጉ ላይም ወዲያው ለላዕላዩ ፍርድ ቤት አቤቱታ ቀረበ።

የሁለቱንም ወገን ነገር ሳላዳላ ልንገራችሁ። ሕጉን የሚደግፉት «ዳኞች የራሳቸውን ወዳጆች እየመረጡ ኖረዋል፤ ሕዝብ የመረጠው ክነሴት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ሕዝቡን መምሰል አለበት» ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ «ዳኛ ሹመቱን ከፓርቲ የሚጠብቅ ከሆነ ፓርቲውን እያየ ይፈርዳል» ይላሉ።

የደጋፊዎቹን ቃል ለእኛ በቀላሉ መናቅ አይቻልም። በ1984 በሱዳን በኩል፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወገኖቻችን በብዛት ገቡ። ከኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ዳኛ ሆኖ የተመረጠው ግን በ2016 ነው፤ ኮሚቴው በዚያ ዓመት ሁለት ሴት እህቶቻችንን መረጠ። ከዘመቻ ሰሎሞን 25 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ2015 ወጣቶቻችን የፖሊስን ድብደባ በመቃወም አደባባይ ወጡ። በ2016 ደግሞ የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ በቤተ እስራኤል ላይ የሚደርሰውን ዘረኝነት በሪፖርቱ አምኖ ጻፈ። ይህ ሁሉ ሲሆን በወንበሩ ላይ ነገራችንን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ፍርድ ቤቱ ሕዝቡን ይምሰል» ሲባል እኛም ሕዝብ ነን።

ነገር ግን መድኃኒቱ የአንድ ወገንን እጅ ማርዘም አይመስለኝም። ምክንያቴን ልንገራችሁ። በክነሴት ብዙ ወንበር፣ በመንግሥት ብዙ ሹም ያለው ወገን ዳኛ ቢያዳላበትም ሌላ መንገድ አያጣም፤ ስልክ ይደውላል፣ ሰው ይልካል። አዲስ ገብቶ በመርካዝ ክሊታ የተቀመጠ ቤተሰብ ግን የሚደውልለት ሰው የለውም። ያለው ዳኛው ብቻ ነው። ዳኛው ከበላዩ ያለውን ሹም የማይፈራ ከሆነ ለዚህ ቤተሰብ ሊፈርድለት ይችላል፤ የሚፈራ ከሆነ ግን ቤተሰቡ አስቀድሞ ተሸንፏል። አድልዎ የሌለበት አመራረጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ለሌለው ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ዘጠኝ ሰው ይኑረው ወይም አሥራ አንድ፣ ጠበቆች ይግቡ ወይም ሌሎች፣ ለእኔ ዋናው ነገር ሦስት ነው። አንደኛ፣ መንግሥት ብቻውን ዳኛ መሾም አይቻለው፤ ዳኞችም ብቻቸውን አይሹሙ። ሁለተኛ፣ የታጩት ሰዎች ስም በአደባባይ ይውጣ፤ ሕዝቡም ይናገር። ሦስተኛ፣ ወንበር ባዶ አይደር። ይህ ሦስተኛው ቀላል አይምሰላችሁ። በሚኒስትሩና በዳኞቹ መካከል በተነሣው ጠብ የተነሣ የላዕላዩ ፍርድ ቤት ከጥቅምት 2023 እስከ ጥር 2025 ቋሚ ፕሬዚዳንት ሳይኖረው ቆየ። በ2024 ደግሞ የአቤቱታው ኮሚሽነር የሥራ ዘመን ሲያበቃ ወንበሩ ለወራት ባዶ ሆነ። በ2025 ክነሴት የኮሚሽነሩን አመራረጥ ሕግ ለወጠ። ታላላቆቹ ሲጣሉ ደብዳቤውን ይዞ ደጅ የሚጠብቀው ትንሹ ሰው ነው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የተባለው ለዚህ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

«ዝም አይነቅዝም» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ትዕግሥት መልካም ነው፤ ብዙ መከራ ያሳለፍነው በእሱ ነው። ነገር ግን በዚህ አገር ዝም ያለ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉትንም አትርሱ። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች በቤታችሁ አኑሩ።

ከፍርድ ቤት የመጣ ወረቀት ከቴሌቪዥን ሥር አይቀመጥ። በመጣበት ቀን ዕብራይስጥ ለሚያነብ ለምታምኑት ሰው አሳዩት። ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፤ ነገር ግን የአሥር ዓመት ልጅ በችሎት የወላጁ አስተርጓሚ እንዲሆን አትፍቀዱ። ልጁ ያፍራል፤ ወላጁም ይጎዳል።

በወንጀል የተከሰሰ ሰው ዕብራይስጥ የማይችል ከሆነ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ሊያቀርብለት ሕግ ያዛል። በሌላው ክርክር ደግሞ ከቀጠሮው አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ያልገባችሁን ነገር «ኬን፣ ኬን» ብላችሁ አትለፉ፤ «ሎ ሄቫንቲ» ማለት ነውር አይደለም። ለጠበቃ የሚከፍሉት ለሌላቸው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው «ሲዩዓ ሚሽፓቲ» አለ። በወንጀል ለተከሰሰ ደግሞ በ1995 በወጣ ሕግ የተቋቋመው «ሳኔጎሪያ ጺቡሪት» አለ።

ዳኛ ካዋረዳችሁ በችሎቱ ውስጥ አትጩኹ፤ ጩኸት የሚጎዳው እናንተን ነው። ቤት እንደገባችሁ ሳይረሳ ጻፉት፤ ወይም አጽፉት። የፍርድ ቤቱን ስም፣ የዳኛውን ስም፣ የፋይሉን ቁጥር፣ ቀኑን፣ የተባለውን ቃል በቅደም ተከተል አስቀምጡ። ያልተባለ አትጨምሩ። ፈርማችሁ ለኮሚሽነሩ ላኩ፤ ቅጂውንም ያዙ። ክፍያ የለውም፤ ጠበቃም አያስፈልገውም።

ለወጣቶቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ሕግ ተምራችሁ በየቢሮው የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። ለዳኝነት ለመታጨት ጥያቄ የምታስገቡት እናንተው ናችሁ፤ ኮሚቴው ቤታችሁ መጥቶ አይፈልጋችሁም። «እኛን አይመርጡንም» ብሎ ሳይጠይቁ መቅረት፣ ሳይመርጡን እኛው ራሳችንን መጣል ነው። በ2016 የተመረጡት ሁለቱ እህቶቻችሁ ማመልከቻ ባያስገቡ ኖሮ ዛሬም የመጀመሪያውን ዳኛ እንጠብቅ ነበር።

አጎቴን ግን ምን ሆኑ ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ሳምንት አሰቡበት። በመጨረሻ አንድ ቀን ደውለው «ና፤ እኔ ልናገር አንተ ጻፍ» አሉኝ። እሳቸው በአማርኛ እየተናገሩ እኔ በዕብራይስጥ ጻፍሁ። ስድብ ልጨምር ብል ከለከሉኝ፤ «ያለውን ብቻ ጻፍ፤ እኔም አንድ ቀን ሽማግሌ ሆኜ ፈርጃለሁ» አሉኝ። ከወራት በኋላ መልስ መጣ። ፍርዱን በሚመለከት የሚደረግ ነገር እንደሌለ፣ ዳኛው የተናገሩት ቃል ግን ተገቢ እንዳልነበረ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ነበር። ዕዳውን አሁንም በየወሩ ይከፍላሉ። ደብዳቤውን ግን አጥፈው ከቴዑዳት ዜሁታቸው ጋር በኪሳቸው አስቀመጡት። ከቴሌቪዥኑ ሥር አላኖሩትም።

«በሕግ አምላክ ሲሉት ወራጅ ውሃ ይቆማል» እያልን አድገናል። በዚህ አገር ግን ውሃው በቃል ብቻ አይቆምም፤ ስም፣ ቀንና ፊርማ ይፈልጋል። እነዚህን ሦስቱን መስጠት የማንችል የለንም።